ቀዝቃዛው ቱቦ

ስክሪኑ እንደገና ጠፋ።

ማሂራ እጇን ከማውሱ ላይ አላነሳችም። ካነሳችው ማሽኑ መጥፋቱን አምና የተቀበለች ሊመስልባት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሲጮህ የነበረው ማራገቢያ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ዝም አለ፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ከሜዳው የሚመጣው የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ጫጫታ ብቻ ነበር።

«ስንት ደርሶ ነው የጠፋው?» አሉ ቲቸር ኩመራ ከኋላዋ።

«ዘጠና ዘጠኝ ዲግሪ፣ ቲቸር።»

ቲቸር ኩመራ የኮምፒውተር አስተማሪና የኮምፒውተር ክበቡ ኃላፊ ናቸው። ሲናደዱ አይጮኹም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መነጽሩ ሲጠረግ ነው የዋለው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶቹ እዚህ ናቸው» አሉ። «ወላጆችም ይመጣሉ። ፊልም እናሳያለን ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ቃል ገብቻለሁ። ምንድን ነው የማሳያቸው? ጥቁር ስክሪን?»

«መብራቱ ነው፣ ቲቸር» አለ ጣሪቅ ቶሎ ብሎ። «ቮልቴጁ ከጠዋት ጀምሮ ከፍ ዝቅ እያለ ነው። ወላሂ፣ ስታቢላይዘሩ ሲንጫጫ ሰምቼዋለሁ።»

ማሂራ ዞር ብላ አየችው። ጣሪቅ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ጎረቤቷ ነው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአንድ የአጥር ቀዳዳ እየሾለኩ ነው ያደጉት። አሁን የግራ ጆሮውን ጫፍ በጣቶቹ እያሻሸ ነበር። ጣሪቅ ጆሮውን የሚያሻሸው የሆነ ነገር ሲደብቅ ነው። ይህን ከእናቱና ከማሂራ በስተቀር የሚያውቅ የለም።

ደግሞስ ረቡዕ ዕለት «መብራቱ ነው» አላለም ነበር።

ፊልሙ የክበቡ ነው ይባል እንጂ ትህትና የምትባል የክበቡ አባል ሥራ ነው። ከሰቃ እስከ ጅማ የሚመላለስ፣ የቡና ጆንያ መጫን የሚጠየፍ ኩራተኛ ባጃጅ ታሪክ ነው። ሌሎቹ ድምፅ ሰጥተዋል፣ ማሂራ የገበያውን ሕንጻዎች ቀለም ቀብታለች፣ ጣሪቅ ደግሞ የባጃጁን ድምፅ በአፉ አስመስሎ ቀድቷል፤ በዚህም እስከ ዛሬ ይኮራል። ባጃጁን ያስኬደችው፣ ያስቆጣችው፣ መጨረሻ ላይም ዝናብ ላይ ያስለቀሰችው ግን ትህትና ናት። አሁን የቀረው ሬንደሩ ነው፤ ማሽኑ እያንዳንዷን ምስል ከነጥላዋ ከነብርሃኗ ሠርቶ ፊልም እስኪያደርጋት ድረስ ያለ ዕረፍት የሚለፋበት ሥራ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ኮምፒውተሮች ዎርድ ሲከፈትባቸው እንኳ የሚያቃስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን የሚችለው ትልቁ ማሽን ብቻ ነው፤ እሱም የቀድሞ ተማሪ የነበረ ሰው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከላቸው ነው።

ረቡዕ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ መላው ክበብ ተሰብስቦ ሳለ፣ ትህትና ሬንደሩን አስነሳች። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ድርግም አለ። እንደገና አስነሳችው፤ እንደገና ድርግም አለ። ያኔ ነው ጣሪቅ የተናገረው።

«የሆነ ነገር ጭነሽበታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኛ ስንሠራበት ምንም አላለም። አንቺ ስትነኪው ነው እንዲህ የሆነው።»

«ምንም አልጫንኩም» አለች ትህትና።

«ጌም አውርደሻል እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ሌላው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገና ሁሉም ሳቁ። ትህትና አባቷ ኮሌጅ ሊያስተምር ስለመጣ ዘንድሮ ከደሴ የመጣች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ አትሰማም። ክበቡ ውስጥ ወሬው ወደ ኦሮምኛ ሲዞር፣ ሁልጊዜም ይዞራል፣ የሰው ፊት እያየች ትስቃለች። ረቡዕ ግን አልሳቀችም።

ቲቸር ኩመራ ደንግጠው ነበር። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። «የክፍሉን ቁልፍ ለጊዜው ስጪኝ» አሏት። ቁልፉ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ በቀይ ክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነበር። አወለቀችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ቲቸርም ቁልፉን ለማሂራ ሰጧት።

ማሂራ ያን ቁልፍ ዓመቱን ሙሉ ተመኝታዋለች። ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም፣ ደስ አላት። የዚያን ዕለት ማታ ቤት ገብታ ለእናቷ ስታሳያቸው ወይዘሮ ለጢፋ ክሩ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ልጠቅልልልሽ ብለው ነበር። እናቷ እንዲህ ናቸው። ቤታቸው ያለው ሶፋ ከተገዛ አራተኛ ዓመቱ ቢሆንም እስካሁን ከነላስቲኩ ነው፤ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሪሞቱም በላስቲክ፣ የፍሪጁም በር ከነሰማያዊ ላስቲኩ። የማሂራ ስልክ ሳይቀር የፋብሪካው ላስቲክ ጠርዙ ተነስቶ አቧራ እየሰበሰበ እስከ ዛሬ ስክሪኑ ላይ አለ።

ቲቸር ኩመራ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እስከ ሰባት ተኩል ካልተነሳ ሬንደሩ አይደርስም። ካልደረሰ ፊልም የለም እላቸዋለሁ፤ ምክንያቱንም እናገራለሁ። ትህትናም ከክበቡ ትወጣለች፣ ምንም ማድረግ አልችልም።» በሩ ላይ ቆም አሉ። «ከተነሳ ደግሞ፣ ማሂራ፣ አንቺ ታቀርቢዋለሽ።»

አርብ ነው። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ትምህርት የለም፤ ግማሹ ተማሪ ለጁምዓ ወደ መስጊድ፣ ግማሹ ለምሳ ወደ ቤት ይሄዳል። ግቢው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ማሂራና ጣሪቅ የማሽኑን የጎን መስታወት አውልቀው አጎንብሰው ተመለከቱ።

ይህ ማሽን አእምሮውን፣ ፕሮሰሰሩን ማለት ነው፣ የሚያቀዘቅዘው በውሃ ነው። ፕሮሰሰር ሲያስብ ይግላል። ከላዩ የተጫነችው የመዳብ ሳህን ሙቀቱን ተቀብላ ለውሃው ትሰጣለች፤ ፓምፑ ውሃውን በሁለት ጥቁር ቱቦዎች እየገፋ ላይ ወዳለው ራዲያተር ይወስደዋል፤ ማራገቢያዎቹ እዚያ ያበርዱታል። ከመኪና ብዙም አይለይም። የድሮው ማቀዝቀዣ በመንገድ ስለተሰበረ ሰውዬው ይህን በሌላ አውቶቡስ ሲልክላቸው፣ የገጠሙት ጣሪቅና ማሂራ ናቸው። ማሽኑን የላከው ሰው መመሪያ አልላከም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ቻይንኛ ነው። ጣሪቅ ግን «የአጎቴ ልጅ ሲገጥም አይቻለሁ፣ ቀላል ነው» ብሎ ነበር።

አቧራውን በብሩሽ ጠረጉ። ሶኬት ቀየሩ። ስታቢላይዘሩን ሌላ ቦታ ሰኩት። ማሂራ ማሽኑን ስታስነሳ ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆየ፤ ሬንደሩን ስታስጀምር ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና እያለ ወጣ። ቶሎ ብላ አቆመችው።

«ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱም ደህና ነው» አለች። «የውሃውን ማቀዝቀዣ ፈትተን ብናየውስ?»

«አይሆንም!» አለ ጣሪቅ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሃ ነው እኮ ያለበት። ቢፈስ ማሽኑ አለቀለት ማለት ነው።»

«ቱቦውን ሳይሆን ሳህኑን ብቻ ነው የምናነሳው። አራት ብሎን ነው። ስንገጥመው ሁሉንም በትክክል ሠርተሃል አይደል?»

«ሠርቻለሁ አልኩሽ እኮ።» ጆሮውን እያሻሸ ተነሳ። ከቦርሳው ነጭ ኮፍያውን አወጣ። «ጁምዓ ልሂድ፣ የኢማሙ ኹጥባ አመለጠኝ። እስክመለስ እንዳትከፍቺው። እሺ?»

ማሂራ እሺም እምቢም አላለችም። ሄደ።

ብቻዋን ስትቀር ክፍሉ ሰፋባት። ካቻቢቴውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ውሃ ቢፈስስ? ትልቁ ማሽን በእሷ እጅ ቢበላሽ ሁሉም ነገር በእሷ ይመካኛል። ባትነካው ደግሞ ማንም ምንም አይላትም። ጥፋተኛዋ ቀድማ ተገኝታለች።

«ማሂራ።»

ትህትና በሩ ላይ ቆማለች። አልገባችም፤ ረቡዕ ቁልፉን ካስረከበች ወዲህ ይህን ደፍ አልረገጠችውም።

«ፍላሼን ልወስድ ነው። ጥቁሯን። መሳቢያው ውስጥ ናት።»

ማሂራ ፈልጋ አወጣችላት። ስትሰጣት እጃቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ተጠነቀቁ።

«ፊልሙ ይደርሳል?» አለች ትህትና።

«እንጃ። ይግላል።»

«ምን እንደሆነ አላወቃችሁትም?»

«ጣሪቅ መብራት ነው ይላል።»

«ረቡዕ በእኔ አላክኮ አልነበር?» ትህትና ፍላሿን ኪሷ ከተተች። ልትሄድ ዞረችና ቆመች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከፈለግሽ አትመኚኝ። ረቡዕ ሲግል ቱቦዎቹን ነክቻቸው ነበር። ቁጥሩ ዘጠና ስድስት ይላል፤ ቱቦዎቹ ግን ልክ እንደ ቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ናቸው። ለቲቸር ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቁልፉን አምጪ አሉኝ።»

ማሂራ አንገቷ ላይ ያለው ቀይ ክር ድንገት ከብዷት ከሸሚዟ ሥር ልታስገባው ፈለገች፤ ትህትና ግን አይታዋለች። ፊቷን አዙራ ሄደች።

ማሂራ ማሽኑን አስነሳችው። ሬንደሩን ከፈተች። ቁጥሩ ሲወጣ አንድ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ያዘች። ፓምፑ በሥርዓቱ ይሠራል፤ ስስ ንዝረቱ ጣቷ ላይ ይሰማታል። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና ሁለት። ቱቦዎቹ ቀዝቃዛ። ራዲያተሩም ቀዝቃዛ። አጠፋችው።

ፕሮሰሰሩ እየፈላ ውሃው አያውቅም። ሙቀቱ ውሃው ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ከመሃል የሆነ ነገር ይዞታል።

ገመዱን ነቀለች። «ቢስሚላህ» አለችና ካቻቢቴውን አነሳች። የመጀመሪያው ብሎን እንቢ አላት፤ እጇን አልቧት ሁለት ጊዜ አዳለጣት። ከዚያ ላላ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሳህኑን በቀስታ ግራና ቀኝ እያሽከረከረች ስትስበው ቸክ ብሎ ተላቀቀ። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ውሃ አልፈሰሰም።

ስትገልጠው ፕሮሰሰሩ ላይ የቀቡት ሙቀት አስተላላፊ ግራጫ ፔስት ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አለ። ሳህኑ ላይም አለ። ግን መዳቡ አያብረቀርቅም። ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። በመዳቡና በፔስቱ መካከል ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ተለጥፏል። የፋብሪካው ላስቲክ። አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ተነስቶ ተጣጥፏል፤ ሰው በጥፍሩ መላጥ ጀምሮ የተወው ይመስላል።

ላጠችው። ያለ ችግር ተነሳ። ከሥሩ መዳቡ ልክ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀይ ሆኖ ወጣ።

መጀመሪያ የመጣላት ሳቅ ነው። ቀጥሎ ግን ንዴቱ መጣ። «ሠርቻለሁ አልኩሽ እኮ።» ሁለት ቀን ሙሉ ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ እያየ! ላስቲኩን ጠረጴዛው መሃል ዘርግታ፣ ክንዷን አጣጥፋ ጠበቀችው።

ጣሪቅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ እያለከለከ ገባ። የተፈታውን ማሽን አየ። ላስቲኩን አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ታውቅ ነበር» አለች ማሂራ።

«ረቡዕ ስናገራት አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም። ፈርቼ ነው ያልኩት፣ ማሽኑን የገጠምነው እኛ ነን፣ ወደኛ እንዳይመጣ ብዬ ነው። ቤት ገብቼ ስለ ውሃ ማቀዝቀዣ ቪዲዮ ሳይ ሰውዬው መጀመሪያ ላስቲኩን ላጠ። ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ገብቶህ ዝም አልክ። ትናንት ሙሉ ቀን፣ ዛሬ ሙሉ ጠዋት። እንዳትከፍቺው አልከኝ። ምን ዓይነት ሰው ነህ? አንድ ላስቲክ መላጥ አቅቶህ ሰው ታስወነጅላለህ?»

ጣሪቅ ቀና ብሎ አያት። ጆሮውን አልነካም።

«ልላጠው ጀምሬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጫፉን በጥፍሬ ይዤው ነበር። አንቺ የስልክሽን መብራት ታበሪልኝ ነበር። ምን አልሽኝ?»

«ምን አልኩህ?»

«አስቢው።»

ማሂራ የተጣጠፈችውን ጫፍ ተመለከተች። ያ ከሰዓት በኋላ ትዝ አላት፤ የስልኳ መብራት፣ የካርቶኑ ሽታ፣ ጣሪቅ ሳህኑን ገልብጦ ይዞ። ከዚያ የራሷ ድምፅ መጣ፣ ያለ ምንም ሐሳብ፣ ቤት ውስጥ ስትሰማው እንዳደገችው፦

«ዲሲ፣ ተወው፣ አትላጠው። አዲስ አይደል? ውሃ ያለበት ነገር ነው፣ ላስቲኩ ይጠብቀው።»

እሱም ትቶታል። ሁለቱም ረስተውታል። እሷማ የሚረሳ ነገር መሆኑን እንኳ አላሰበችም፤ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይላጥም፣ አለቀ።

እሷም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» ጣሪቅ ኮፍያውን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ መልሶ አጠፈው። «ቁልፉ ከተሰጠሽ በማግሥቱ “አንቺና እኔ ነን ያጠፋነው” ልበልሽ? በዚያ ላይ እንዴት ደስ እንዳለሽ አይቻለሁ። እናትሽ ለእናቴ ሁሉ ነግረዋታል።»

ሥራው አይጠብቅም ነበር። ማሂራ ከክፍሉ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን አልኮልና ጥጥ አወጣች። ጣሪቅ አሮጌውን ፔስት ጠረገ። ከካርቶኑ የተረፈውን ፔስት መሃሉ ላይ በትንሹ ጠብ አደረጉ፤ ሳህኑን ጫኑት፤ ብሎኖቹን በየተራ፣ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጡ አጠበቁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲቃረብ አስነሱት።

ሃያ ዘጠኝ። ሬንደሩን ከፈተችው። አርባ አራት፣ ሃምሳ ሦስት፣ ስልሳ አንድ። ጣሪቅ ትንፋሹን ይዟል። ስልሳ ሦስት። እዚያው ቆመ። ማሂራ ቱቦውን ነካችው። ሞቋል፤ ልክ እንደ ሰው እጅ ሞቋል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጣሪቅ፤ ወንበሩ ላይ ተዘረረ። ስክሪኑ ላይ ኩራተኛው ባጃጅ ምስል በምስል መሠራት ጀመረ።

ከዚያ ጣሪቅ ቀና ብሎ፣ ወደ በሩ አየት አድርጎ፣ ድምፁን ቀነሰ። «እንግዲህ ተነስቷል። ላስቲኩን ጣይው። መብራት ነበር እንላለን፤ ቲቸርም አይጠይቁም፣ ደስ ይላቸዋል። አንቺም ታቀርቢያለሽ።»

«ትህትናስ?»

«መብራት ከሆነ እሷም ነፃ ናት አይደል? ማንም አልተጎዳም።»

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ማሂራ አገላብጣ አየችው፤ እውነትም መጥፎ አልነበረም። በመብራት ማንም አይቀየምም። ላስቲኩን አንስታ ጨመደደችና ኪሷ ከተተችው። የቆሻሻ ቅርጫቱ ግን እግሯ ሥር ነበር።

ቲቸር ኩመራ ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጡ ገና ከበሩ ሳቁ። ቁጥሩን አዩት፣ ባጃጁን አዩት፣ የማሂራን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «እናንተ ልጆች! ምን ሆኖ ነበር?»

«መብራ...» ብሎ ጣሪቅ ጀመረ።

«ላስቲክ ነበር፣ ቲቸር» አለች ማሂራ።

የምትለውን አስቀድማ አላዘጋጀችም። ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ የሆነውን ሁሉ፣ የተናገረችውን ቃል ሳይቀር ነገረቻቸው። ቲቸር ኩመራ ሲሰሙ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። መነጽራቸውን አወለቁ። በዚህ ጊዜ ግን አልጠረጉትም፤ ዝም ብለው ያዙት።

«ሁለት ሳምንት የሠራው ቀላል ሥራ ስለነበረ ነው» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ጠንከር ያለ ሥራ መጀመሪያ ያሠራችው እሷ ናት። ይህን እንኳ ማሰብ ነበረብኝ።» ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «እሺ። ከእንግዶቹ በኋላ አስጠርቻት አነጋግራታለሁ። አሁን ወንበሮቹን አስተካክሉ፤ ክፍሉ ይጠረግ።»

ማሂራ ወንበር አላስተካከለችም። ግቢውን አቋርጣ ወደ ዘጠነኛ ክፍሎች ሄደች። ትህትና ተማሪው ገና ባልተመለሰበት ክፍል ውስጥ የመስኮቱ ዳር ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር።

«ማሽኑ ተነሳ» አለች ማሂራ። «ቱቦው ነው የነገረን። ልክ ነበርሽ።» ከዚያ የቀረውንም ነገረቻት። ሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ስትጨርስ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላት።

ትህትና ቁልፉን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ቲቸር ያውቃሉ?»

«አሁን ነገርኳቸው።»

«ለብቻቸው?»

«አዎ።»

«እኔ ይህን ያወለቅኩት ሁሉም እያዩኝ ነው» አለች ትህትና። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ሲስቁ ነበር። ምን ብለው እንደሳቁ እንኳ አላውቅም።»

ማሂራ ታውቅ ነበር። እሷም ስቃለች። ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ቁልፉን መልሳ ጨበጠችው።

«ነይ እንሂድ» አለች። «ፊልሙ ያንቺ ነው። ነይ።»

ሲደርሱ የክበቡ ልጆች ሁሉ ገብተዋል። ወንበር ይጎተታል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይጮኻል። እንግዶቹ ገና አልደረሱም። ትህትና ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ማሂራ ብቻዋን ወደ ውስጥ አለፈች፤ ረቡዕ ቁልፉ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ቁልፉን ከነቀይ ክሩ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። የተጨማደደውን ላስቲክም አጠገቡ አኖረችው። ቲቸር ኩመራ ከፕሮጀክተሩ ቀና ብለው አዩዋት።

ጣሪቅ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ነበር። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመና ወረደ። መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ኢጆሌ» አለች ማሂራ፤ ክበቡ ውስጥ ሁልጊዜ ልጆቹን የምትጠራው እንዲህ በኦሮምኛ ነው። ጫጫታው ቀዝቀዝ ሲል ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አየችና በኦሮምኛ የጀመረችውን ትታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በአማርኛ እንደ አዲስ ጀመረች።